የጫካው ነጭ ሽንኩርት

ጂልዬ፣

ካርዱን የገዛሁት ጎረቤታችን ቤሪል የልብ ሕመሟ ተሽሏት ሐኪም እንድትራመድ እንደፈቀደላት፣ ልጇም መንታ እንደተገላገለች ላበስርሽ ነበር። አሁን ግን የምጽፍልሽ ሌላ ነው።

በካርዱ ፎቶ ላይ ያለው ጫካ ነው ከቤሪል ጋር የሄድነው። እኛ በጓሮ የምንለማመጣት ሰማያዊ አበባ እዚያ እግር ማሳረፊያ አሳጥታለች። እዚያው የጫካ ነጭ ሽንኩርት ቅጠል እያሸተትኩ ለቀምኩና ለቤሪል ከአይብ ጋር በዳቦ ሰጠኋት። ግማሹን እንደበላች የጫካው ጠባቂ መጣና ከከረጢቴ አንድ ቅጠል መዘዘ።

«እትዬ፣ ይሄኛውኮ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል መርዝ ነው፤ ልብ ያቆማል!»

«ሁሉንም አሽትቻለሁ!» አልኩት።

«እስቲ እጅዎን ያሽትቱ።»

ለካ ከመጀመሪያው ቅጠል በኋላ የሸተተኝ የገዛ እጄ ኖሯል! ቤሪል ማኘኳን ተወችና «ጃኔት፣ እንግዲህ መንታዎቹን አንቺ አሳድጊ» አለችኝ። ለመቀለድ ነው፤ እኔ ግን የቀረውን ዳቦ ከእጇ ነጥቄ ሆስፒታል ወሰድኳት።

አሁን ሆስፒታል፣ አልጋዋ አጠገብ ነኝ። ለባልሽ ለሮይ ሰላም በይልኝ፣ ድመቴንም አደራ፤ ካርዱ ላይ ቦታ እያለቀብኝ ነው። ሐኪሙ መጥቶ «እስኪመሽ ልቧ ካልተዛባ ተርፋለች» ብሎ ሄደ። እናቷ ምን እንደበላች ያልሰማችው ልጇም መንታዎቹን ይዛ አሁን ገባች። አንዱን አሳቀፈችኝና «ውይ እትዬ ጃኔት፣ እጅዎ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል! ምን ሲሠሩ ነበር?» አለችኝ።