የዳለቻ አጥንት መቆርጠም

ልጄ ሆይ፣ ብዕሩን የያዘው የከብት ሐኪሙ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። ሌላ ጸሐፊ አጥቼ እንጂ የምጠረጥረውን ሰው ባላስጻፍኩት ነበር። ይህንንም ጻፍ ብዬዋለሁ።

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባልሽን ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹስ በረቱ? እኔ ጥርሴ ከማለቁ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፤ ዛሬም ትቆጣኛለች።

ነገሩ ስትሄጂ አደራ ስላልሽኝ ላምሽ ስለ ዳለቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ኮርማ አልፈለገችም። ስትራመድ እንደ እኔ ጉልበቷ ይንቋቋል። ድርቆሹን ትታ አጥር ሥር አጥንት ትቆረጥማለች። ላም ጅብ ስትሆን አይተሽ ታውቂያለሽ? ጎረቤታችን ባለሉካንዳው ደግሞ መክናለችና ሽጥልኝ እያለ ይመላለሳል። አጥንቱን የሚጥልብኝ እሱ ነው፣ አክስቶ ሊወስዳት ነው ብዬ ሰው ፊት ሰደብኩት። ለውሻዬ የጣልኩትን ላምህ ብትቀማው እኔ ምን ላድርግ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም።

ከዚያ ይኸ ሐኪም መጣ። ሣራችን ፎስፎረስ የሚባል ነገር ጎድሎታል፣ አጥንት የምትቆረጥመው እሱን ፍለጋ ነው፣ የበከተ ከብት አጥንት ካገኘች ግን ይገድላታል አለኝ። ጨው መች አጣች ብለው፣ ጨው ሌላ ይኸ ሌላ ነው ይላል። ሆዷ ውስጥ ድርቆሹን የሚያብላሉ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፣ እነሱም ፎስፎረስ ይሻሉ ይላል። እኔ የቀለብኩት ላም ነው፤ ሆዷ ውስጥ ተከራይ እንዳለ ማን ነገረኝ? ነጭ ዱቄት ሰጠኝ። የማላውቀውን ለአደራ ከብት አልሰጥምና አስቀድሜ እኔ ላስኩት። አልሞትኩም። እናትሽ ግን ሳምንት አኮረፈችኝ።

ከፉርሽካ ጋር እያሸሁ ስሰጣት ሦስት ወር ሆነ። አጥንቱን ተወችው፣ ጉልበቷም ዝም አለ። ባለፈው ሳምንት ኮርማ ፈለገች፤ ከኮርማም ተገናኝታ ተጠቃች። ኮርማው የማን መሰለሽ? የባለሉካንዳው! በሩን ከፍቶ ለቀቀልኝ። ይኸም ያጠራጥረኛል፤ የተሰደበ ሰው ኮርማ ያውሳል?

አማቼን፣ ትልቋን፣ መንታዎቹንም ሳሚልኝ። እናትሽ ትስምሻለች።

ከበረቱ ደጃፍ፣ ማክሰኞ፣ ጥቅምት ዘጠኝ።

በል ሐኪም፣ አሁን አንብብልኝ። ስለ ባለሉካንዳው ያለውን ቀስ ብለህ። እኔ ያላልኩትን «ተሳስቼ ነበር» የሚል ጨምረህበት እንደሆነ... ተወው፣ አትሰርዘው።