ከአጥሩ ጀርባ ያለችው ወንዝ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ዝናብ። የተሳፈርኩበት ማታቱ፣ ሚኒባሱ፣ ዌስትላንድስ መግቢያ ላይ አንድ ሰዓት ተገትሮ ቢሮ አርፍጄ ገባሁ። ቀኑን ሙሉ የመንገደኞች የበረራ ቲኬት ስቀይር ዋልኩ። ማታ እማዬ ምስር አልበላም አለች። "ጾሙ እስኪያልቅ እኔም ምስር ልሁን?" ከስትሮኩ ወዲህ ግራ ጎኗ አልታዘዝ አለ እንጂ ምላሷስ የድሮው ነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 12

የሳሎኑ ምንጣፍ ጥጉ ላይ ረጥቧል። ስረግጠው ውሃ አወጣ። ከየት? ጣሪያው ደረቅ ነው... ከስር ነው የሚመጣው። የግድግዳው ቀለም እስከ ጉልበቴ ድረስ አብጦ ተላጧል። የአከራዩ ወኪል በስልክ፣ "ሲስተር፣ እርጥበት ነው፤ ዝናቡ ሲያቆም ይደርቃል" አለኝ።

ከአጥሩ ጀርባ ያለችውን ወንዝ በበጋ በአንድ እርምጃ ነው የምሻገራት። አሁን ድምጿ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል።

ምድር ቤት የተከራየሁት ለእማዬ ብዬ ነበር። ደረጃ እንዳትወጣ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ዘበኛው ሙቱዋ አግዞኝ አልጋዋን ብሎኬት ላይ አስቀመጥነው። "ሰቀላችሁኝ እኮ! ስወርድ ማን ሊይዘኝ ነው?" አለች። ሙቱዋ ውጭ ለብቻዬ ጠርቶ ወንዙ የአጥሩን ስር እየበላው ነው አለኝ። ፈራሁ። ፈቃድ ልጠይቅ? ለስንት ቀን?... ነገ አስብበታለሁ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 17

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

አስር ሰዓት ላይ ቢሮ እያለሁ እማዬ ደወለች።

"ልጄ፣ ውሃ ገብቷል።"

"የት ድረስ?"

"ወንበሩን አነሳው..."

አንድ ነገር ተንኮታኮተ። በኋላ ሳውቅ አጥሩ ነበር። ጮኸች። ስልኩ ተቋረጠ።

በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አምና ጎረቤት ሌባ ከገባ ወዲህ ጠዋት ስወጣ ጓጉንቸር አስገባበታለሁ። ላንኳኳ ሁሉ ትከፍታለች ብዬ። መስኮቱም ብረት አለው። እማዬ አታውቅም።

ሙቱዋ ስልኩን አያነሳም። መንገዱ ውሃ ነው፤ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ጫማዬን አውልቄ ሮጥኩ። አንድ ቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌቱ ላይ ጫነኝ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሞተሩ ውሃ ገብቶበት ጠፋ። እንደገና ሮጥኩ። ሙቱዋ መልሶ ደወለ።

"ሲስተር፣ ቁልፉ የት ነው? እናትሽ መስኮቱ ላይ ናቸው! 'ማጂ፣ ማጂ' እያሉ ይጮሃሉ!"

ከስዋሂሊ የምታውቃት አንድ ቃል። ውሃ።

"ስበረው! ስበረው!"

ስደርስ ግቢው ሐይቅ ሆኗል። የማን እንደሆነ የማላውቀው ፍሪጅ ተንጋሎ ይንሳፈፋል። ሙቱዋ ጓጉንቸሩን በመኪና ክሪክ ብረት ፈልቅቆ እማዬን አዝሏታል። ከኋላ ደግፋ የያዘቻት የሦስተኛ ፎቋ አጸደ ናት... ዓመት ሙሉ ግቢው በር ላይ "ደህና ዋልሽ" ከመባባል አልፈን የማናውቅ። የእማዬ ቀሚስ ገላዋ ላይ ተጣብቆ ልጅ አክላለች። እንዲህ ማነሷን መቼ አየሁት?

አሁን አጸደ ቤት ነን።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 18

እማዬ ከሰዓት በኋላ ድንገት፣ "በሩ ጋ እኮ ደርሼ ነበር" አለች።

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ግድግዳውን ይዤ ደረስኩ። እጀታው ዞረ፤ በሩ እምቢ አለ። እጄ ሰንፎ መስሎኝ እጄን ስሰድብ ነበር። ሙቱዋ ሲሰብር ነው የገባኝ።"

"እማዬ፣ ሌባ ፈርቼ..."

"ብትነግሪኝ ኖሮ ቀድሜ መስኮቱ ጋ እሄድ ነበር።"

ፊቷን አዞረች።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 21

ቤቱን አየሁት። ጭቃው መብራት ማብሪያው ድረስ ደርሷል። ፍራሹ ለአራት ሰው አይነሳም። የአባዬ ፎቶዎች ተጣብቀዋል፤ ሳላቅቃቸው ፊቱ አብሮ ተላጠ። የበሩን ውስጥ በኩል አየሁ... እጀታው አካባቢ የጥፍር ጭረት አለ። ወጣሁ። ከእንግዲህ አልገባም።

አጸደ ቧንቧ በከፈተች ቁጥር ብድግ እላለሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 3

አዲሱ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ነው። እማዬን በወንበር ተሸክመን አወጣናት። በሳምንት ሦስት ቀን ከቤት እንድሠራ ፈቅደውልኛል። አሁንም በቅጡ አታናግረኝም። ውሃ ስትፈልግ ብቻ።

ከምሳ በኋላ ዘነበ። ጫማዬን አድርጌ ተቀመጥኩ። ሦስቴ ተነስቼ መንገዱን አየሁ። እማዬ በደህናው እጇ ብርድ ልብሱን ጨብጣለች። እሷም ትሰማለች።

"ከታች ማን ነው ያለው?" አለች።

"አንድ ሽማግሌ፣ ካማው ይሏቸዋል። በከዘራ ነው የሚሄዱት።"

"ሰው አላቸው?"

"ቀን ቀን ብቻቸውን ናቸው መሰለኝ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ አምጫቸው።"

"አንቺስ?"

"በሩን ክፍት ተዪው።"

በሩን ክፍት ትቼ ወረድኩ። ገና ሳንኳኳ ከፈቱ። ካፖርታቸውን ለብሰዋል፤ መድኃኒታቸውን በፌስታል ቋጥረው ይዘዋል። ለካ እሳቸውም ተዘጋጅተው የሚጠራቸው ሰው ሲጠብቁ ነበር። ክንዳቸውን ያዝኩ። አንድ ደረጃ፣ እረፍት። አንድ ደረጃ፣ እረፍት።

ከላይ እማዬ ትጣራለች፣ "ቀስ በዪ፣ ልጄ!"

ልጄ አለችኝ።