ክዳን ዘግተሃል ተብዬ ከክፍል ቀሪ መባሌ

ቀን፦ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአርዲቦ ዩኒቨርሲቲ የአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት ጽ/ቤት
ሐይቅ

ጉዳዩ፦ ፊት ወንበር ተቀምጬ እየተማርኩ “ከክፍል ቀርተሃል” ተብዬ ከማጠቃለያ ፈተና መታገዴን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ሠርክአዲስ ውበቱ የአፈርና ውኃ ጥበቃ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ የደረሰብኝን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ዩኒቨርሲቲው የመማር ማስተማሩን ጥራት ለማሳደግ አስቦ ለእያንዳንዳችን ላፕቶፕ ማደሉን አመሰግናለሁ። አብሮት የወጣውን መመሪያ ግን ያወቅሁት ከታገድኩ በኋላ ነው። በትምህርት ሰዓት ላፕቶፑ የተከፈተ ተማሪ “ንቁ ተሳታፊ”፣ የተዘጋበት ደግሞ “ቀሪ” ተብሎ በሲስተሙ ይመዘገባል። መመሪያውን ያረቀቁት ባለሙያዎች ተማሪ ጭንቅላት እንዳለው ቢዘነጉ አልፈርድባቸውም፤ ጭንቅላት ክዳን የለውም።

2. ጥፋቴ የመጣው ከአስተዳደጌ ነው። ልጅ ሳለሁ በሐይቅ እስጢፋኖስ የአብነት ተማሪ ነበርኩ። እዚያ የኔታ መናገር ሲጀምሩ መጽሐፋችንን እንዘጋለን፤ ሲጨርሱ የሰማነውን በቃላችን እንመልሳለን። ገልጦ የሚያይ ቢገኝ እንዳልሰማ ይቆጠራል። እጄ ይህን ስለለመደ፣ የኮርሱ መምህር ዶ/ር ኃይለ ኢየሱስ መናገር በጀመሩ ቁጥር ላፕቶፔን ስዘጋ ከረምኩ። አክብሮት መስሎኝ ነበር።

አጠገቤ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ሀሚዱ በዚያው ሰዓት ላፕቶፑን ከፍቶ ኳስ ሲያይ ስለከረመ በንቁ ተሳታፊነት የምስጋና መልእክት ደርሶታል። መታገዴን ሲሰማ “አንተ ልጅ፣ ከፍተህ ብትተኛ ኖሮ አብረኸን ትፈተን ነበር” አለኝ። ስቄም አልወጣልኝ።

3. ዶ/ር ኃይለ ኢየሱስ እንዳልነበርኩ ቢመሰክሩ አይደንቀኝም፤ ዓይናቸውን ከራሳቸው ላፕቶፕ አንሥተው አያውቁም። ሐይቁ በመስኮት እየታየ የሚያነቡልን በባሕር ማዶ ስላለ ወንዝ ነው። አንድ ቀን እጄን አውጥቼ፣ ከአምባሰል ተዳፋት የሚወርደው ደለል ይህን ሐይቃችንን ምን እንደሚያደርገው ጠየቅኋቸው። በላፕቶፑ እንድልክላቸው አዘዙኝ። ላክሁ። “ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን” የሚል መልስ ሲስተሙ ሰጠኝ፤ እርሳቸው እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም።

4. ለሬጅስትራር አመልክቼ ነበር። ኃላፊዋ ወ/ሮ አሰገደች ደግ ሴት ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና “እኔማ ይኸው እያየሁህ ነው፤ ሲስተሙ ነው የማያይህ” ብለው ሸኙኝ።

5. ፈተናው ካመለጠኝ አንድ ዓመት ከግቢ ወጥቼ ኮርሱን እደግማለሁ። እኔ ይህን ትምህርት የመረጥኩት አምባሰል ያለውን የወላጆቼን ማሳ ቦረቦር እየበላው ስለሆነ ነው። በየክረምቱ እየሰፋ መጥቶ ዘንድሮ ጎተራው ሥር ደርሷል፤ እናቴም መቼ እንደምጨርስ መጠየቅ አብዝታለች። ቦረቦሩ እኔን ቆሞ አይጠብቅም። ይህን ስጽፍ በጣም ተናድጃለሁ፤ ለክቡርነትዎ አልደብቅም።

ስለዚህ እገዳው ተነሥቶ ከጓደኞቼ ጋር እንድፈተን እንዲታዘዝልኝ እለምናለሁ። ለመማሬ ማስረጃ ካስፈለገ፣ ዶ/ር ኃይለ ኢየሱስ ባሉበት የሁላችንም ላፕቶፕ ተዘግቶ የተማርኩትን በቃሌ እመልሳለሁ። እርሳቸውም የደለሉን ጥያቄ ይመልሱልኝ።

ውሳኔዎን የምጠብቀው ከቢሮዎ ደጅ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ላፕቶፑን ጭኔ ላይ ከፍቼ አስቀምጫለሁ፤ ስለዚህ አለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ሠርክአዲስ ውበቱ
(ፊርማ)