የብረቱን ቀለም ንገሪኝ

ለማከብርዎትና ለምወድዎት እታለም፣

ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ ስለ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ እንደሚጠይቁኝ ስለማውቅ ከእሷው ልጀምር። ሐሞቷን በቀዶ ጥገና ካወጡላት ሦስት ሳምንት ሆናት፤ ድናለች። ልጇም መንታ ወልዳለች። አማቿ ሕፃናቱን መለየት ቢያቅተው የአንደኛዋ እግር ላይ ክር አስሯል አሉ። ልብስ ሰፊዋማ ቁስሏ በደንብ ሳይደርቅ ማሽኗ ላይ ተቀምጣ «ከእንግዲህ ሐሞት የላትም ብላችሁ እንዳትንቁኝ» እያለች ሰዉን ሁሉ ታስቃለች። እኛም ደህና ነን። የእርስዎ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? ደረጃውን ያለ ሰው እጅ መውጣት ጀመሩ?

ደህና ነን ብዬ ጻፍኩ አይደል? ከዚህ በታች ያለውን ሲያነቡ ዋሸችኝ እንዳይሉኝ፣ እውነቱ ግማሹ ብቻ ነው።

ወንድምዎ በጎልፍ ሜዳው የተጫዋቾችን የዱላ ቦርሳ ሲሸከም ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ ጓሮ ባለችው ክፍል የጎልፍ ዱላ እንደሚያድስ ያውቃሉ። የብረቱ ክሮም፣ የሚያብረቀርቀው ልባስ፣ ሲላላጥና ሲዝግ ተጫዋቾቹ ያመጡለታል። አሮጌውን ልባስ በአሲድ ያወልቃል፣ በሶዳ ውሃ ያጥባል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፣ በመጨረሻም በጋዝ እሳት አግሎ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል፤ ያኔ ጥቁር ሆኖ ያምራል። ሙያው ያለው እሳቱ ላይ ነው። ብረቱ ሲግል መጀመሪያ እንደ ገለባ ቢጫ ይላል፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ። መነከር ያለበት ወይን ጠጅ ሲሆን ነው። ከቀደሙ ጥቁረቱ አይዘልቅም፣ ከዘገዩ መልኩ ይበላሻል። ድሮ ወንድምዎ በሩ ላይ ቆሞ እንኳ ያውቀው ነበር።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን «አንቺዬ፣ እስኪ ነይና የብረቱን ቀለም ንገሪኝ» ይለኝ ጀመር። እኔ ሞኟ፣ ከሠላሳ ዓመት ትዳር በኋላ ሙያ ሊያስተምረኝ ፈለገ ብዬ ደስ አለኝ። ሽርጤን ታጥቄ አጠገቡ እቆምና «ቢጫ»፣ «ቡናማ»፣ «አሁን!» እላለሁ፤ እሱ ይነክራል። «መቼ ነው የምመረቀው?» ስለው፣ «የኔ ትምህርት ቤት ምረቃ የለውም፣ አርፈሽ ተማሪ» አለኝ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ ቀልድ አማረኝ። እሳቱን ገና ከማስጠጋቱ፣ ብረቱ ነጭ እንደሆነ፣ «ወይን ጠጅ!» አልኩት። «ወግጂ፣ ዓይንሽን ታጠቢ» ይለኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን አንስቶ ነከረው።

ዘይቱ ዝም አለ። ጭስ የለ፣ ቺስ የሚል ድምፅ የለ። ወንድምዎ ዱላውን እንደያዘ ቆመ፤ እኔም ቆምኩ። በመጨረሻ «ጥሩ ወጣ?» አለኝ። «ጥሩ ወጣ» አልኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከሰዓት በኋላ እሱ ጋደም ሲል ዱላውን እኔው አግዬ ነከርኩት። አንገቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ መጠምጠም ረስቼ ኖሮ ራሱን ከዘንጉ ያጣበቀው ሙጫ ቀለጠና የብረቱ ራስ ወልቆ ዘይቱ ውስጥ ሰጠመ። አውጥቼ እንደምንም መልሼ አጣበቅኩት። የዱላዎቹ ባለቤት፣ የጎልፍ አሰልጣኙ፣ ሊወስድ ሲመጣ አንድ በአንድ አገላብጦ አየና «እጅህ ዛሬም አልከዳህም፤ ይቺ አንዷ ብቻ ናት ወደ ግራ የምታየው» አለ። ወንድምዎ ፈገግ ብሎ «እሷን የሠራት ተማሪዬ ናት» አለው። እኔ መሬቱን አየሁ።

ከዚያ ወዲህ ልብ ብዬ ሳስተውል፣ ለካ የሚሄደው ግድግዳውን እየዳሰሰ ነው። ሻይ ሲቀዳ ብርጭቆው መሙላቱን የሚያውቀው በጣቱ ነው። እታለም፣ ትናንትና ኮምጣጤ አነሳሁ ብሎ የአሲዱን ጀሪካን አነሳ። ሮጬ ባልነጥቀው ኖሮ ምን ልጽፍልዎት እንደነበር እንጃ። ጤና ጣቢያ ያለችውን ነርስ ጠየቅኳት። የጠፋው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውን ግን ቶሎ ከታየ ማቆየት ይቻላል አለችኝ።

አምና፣ የእናታችሁ ሕመም እንዳይዘው ሠግተው፣ «እዚህ ጥሩ የዓይን ሐኪም አለ፣ ይምጣና ይታይ» ብለው ሲጽፉለት ለምን እንደዚያ እንደተቆጣ አሁን ነው የገባኝ። እናታችሁ ዓይናቸው ሲጠፋ እጃቸውን ይዘው የመሯቸው እርስዎ፣ እሱን አዝለው ያሳደጉት እርስዎ። እንደገና ሸክም ልሁንባት እንዴ ብሎ ነው፤ ሌላ አይደለም። እኔ ብነግረው በቀልድ ያልፈኛል። የእርስዎን ቃል ግን ከልጅነቱ ጀምሮ መሬት ጥሎት አያውቅም። ስለዚህ አይለምኑት፤ «ና» ብለው ይዘዙት። እኔ እንደነገርኩዎት ግን እንዳያውቅ፣ አደራ!

እዚህ ላይ ስደርስ ራሱ ከጓሮ ገብቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ለማን ነው?» አለኝ።

«ለእታለም።»

«እስኪ አንብቢልኝ።»

የልብስ ሰፊዋን፣ የመንታዎቹን፣ የጉልበትዎን አነበብኩለትና ሌላውን ዘልዬ ምርቃት ከራሴ ጨመርኩበት። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ወረቀቶቹን በአውራ ጣቱ ቆጠራቸው።

«ለሁለት ሕፃንና ለአንድ ጉልበት አራት ቅጠል?» አለ። ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀ።

«ጨምሪበት» አለኝ። «በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ የለኝም በያት። አልጋዋ ለሁለት ሰው ይበቃ እንደሆነም ጠይቂልኝ፤ ብቻዬን አልመጣም።»

ይኸው እንዳለው ጻፍኩ። ይበቃል ወይ እታለም? ባይበቃም እኔ ወለሉ ላይ እተኛለሁ።

እርስዎን ለእኛ ያቆይልን፣ ጉልበትዎን ያጽናልን፣ በደህና ያገናኘን።

የወንድምዎ ሚስት፣ ታናሽ እህትዎ