ቅቤ የሚሸተው ስብሰባህ

ላምቤቦዬ፣

የሰፈር ሰው እዚያ መጥቶ ቀድሞ ሳይነግርህ አንድ ነውሬን ራሴ ልናዘዝ። ሳሎን የተሰቀለውን ፎቶህን ሦስት ቀን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬው ነበር። ከተለየኸን ገና ሁለት ወር፤ ጥቁሬን እንኳ ሳላወልቅ አንተን እንዳጠፋ ተማሪ አቆምኩህ።

ቤቱ ደህና ነው። ሱቁን ከፍቻለሁ። ትልቋ ልጅህ ካፖርትህን ለብሳ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው፤ እጅጌው ይውጣታል፣ አውልቂ ብላት አሻፈረኝ ትላለች። ቀበሌ ግቢ ያለችው፣ የአገሩን የድሮ ዕቃ የሰበሰብክባት የታሪክ ክፍልህም እንዳለች ናት። ዘንድሮ ዝናቡ ስለበረታ ውኃው እስከ ጥቅምት ዙሪያዋን ከቧት ሰነበተ። አንተ «ደሴቴ» ብለህ በጣውላ እየተሻገርክ እንደምትገባባት፣ እኛም እንደዚያው ነበር የምንገባው።

ጣጣው የመጣው ከዚያችው ደሴትህ ነው። የአውራጃ ጓዶች መጥተው ዕቃውን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራሉ ተባለ። እኔም ቀደም ብዬ መዝገብህን ይዤ ገባሁ። ጦሩ አለ፣ ኮርቻው አለ፣ የቀንድ ዋንጫው አለ። ትልቁ የእንጨት ገበታ ግን የለም! መደርደሪያው ላይ አቧራው የሳሳበት ክብ ቦታ ብቻ ቀርቷል። መዝገቡ ጠርዝ ላይ ደግሞ በእርሳስ «አየለች፣ ዶዮገና» ብለህ ጽፈሃል።

በዚህ ጊዜ የሕዝብ ንብረት ጎደለ ማለት ምን እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ። ሞቷል ብሎ የሚምር የለም። ስምህ በስብሰባ ላይ ሌባ ተብሎ ሊነሳ፣ ልጆችህም ያንን ስም ተሸክመው ሊያድጉ ነው።

ጥፋቴ እትዬ ወለላን ማማከሬ ነው። ጎረቤታችንን ታውቃታለህ፣ ምላሷ አያርፍ። «አየለች ሴት አይደለችም እንዴ? አይ አንቺ የዋህ!» ብላ ከንፈሯን መጠጠችልኝ። ያኔ ሁሉም ትዝ አለኝ። በየዓመቱ አንዴ ከመስቀል በፊት፣ አንዴ ከመስቀል በኋላ «ስብሰባ አለብኝ» ትለኝ ነበር። ዛሬ ስብሰባ ለተባለ ነገር ለምን የምትል ሚስት የት አለች? ስትመለስ ግን ቅቤ ቅቤ ትሸታለህ። ኮትህን እያጠብኩ፣ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ስብሰባ ነው ብዬ ስቄ አልፌዋለሁ። ፎቶህ የዞረው በዚያው ቀን ነው።

በሦስተኛው ቀን ከመናኸሪያ ተሳፍሬ ዶዮገና ወጣሁ። አየለች ማለት፣ ላምቤቦዬ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ አሮጊት ናቸው! ማን እንደሆንኩ ሳልነግራቸው ከሆሳዕና መምጣቴን ሲሰሙ ባንተ ላይ ወረዱብህ፤ «ያ ሰነፍ መምህር ምነው ቀረ? አጥቤ፣ ቀብቼ ይኸው ስጠብቀው!» ገበታው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጥግ ተቀምጧል። መሞትህን ስነግራቸው ምርኩዛቸውን ጥለው መሬት ቁጭ አሉ።

ሲረጋጉ ነገሩኝ። ገበታው የእናታቸው ነው። ለክፍልህ የሰጡህ በአንድ ቃል ነበር፤ መስቀል ሲመጣ ቤቱ ይገባል፣ ቤተሰቡ ይበላበታል። ቅቤ የማያገኝ ገበታ ይሰነጠቃል ብለውህ። ቀበሌው እንደማይፈቅድ ስለምታውቅ በጆንያ ደብቀህ ታመላልስላቸው ነበር። ዘንድሮ ወስደህላቸው፣ ሳትመልሰው ታመምክብኝ። የአንተን ድርሻ ቅቤ እንኳ ለብቻ አስቀምጠውልህ ነበር። እጅ ነስቼ ተቀበልኩልህ።

ቤት እንደገባሁ ገበታውን ያዘልኩበትን ጆንያ ከጀርባዬ ሳላወርድ ፎቶህን አዞርኩት። አንተ እንደሁ በዚያም ፈገግ እንዳልክ ነህ።

ማክሰኞ ጓዶቹ መጡ። አንደኛው ገበታውን ዳበሰና እጁን አሸተተ። «ይሄ ነገር ቅቤ ቅቤ ይላል» አለ። እንዳይሰነጠቅ ነው ጓድ፣ አልኩት። «ጥሩ አያያዝ ነው» ብሎ ምልክት አደረገበት። እፎይ! የክፍሏን ቁልፍም ለጊዜው አንቺው ያዢው አሉኝ።

አንተን አልረሳም፤ ቃልህንም አልረሳም። ለእማማ አየለች እኔም ቃል ገብቼላቸዋለሁ። መስቀል ሲቃረብ ጆንያዬን አዝዬ ስወጣ እትዬ ወለላ ወዴት ነው ማለቷ አይቀርም። ስብሰባ አለብኝ እላታለሁ። ቅቤ ቅቤ ሸትቼ ስመለስ ምን እንደምትለኝ አንድም ቃል ሳላስቀር እጽፍልሃለሁ።