የሳሙና ወረቀት የለበሰው ቆርቆሮ

ተሾመ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። እንዴት ሰነበትክ አልልህም፤ ተናድጄብሃለሁ። እንባው ሲደርቅ ንዴቱ መጣና አልወጣ አለኝ።

አሶሳ የክልል ከተማ ስትባል አንተ ከስንቱ ሥራ መርጠህ የአዲሱን ቢሮ በረንዳ ላሳምር አልክ። ክልሉ አዲስ፣ ግድግዳው አዲስ፣ አበባው በዛገ የዘይት ቆርቆሮ አይተከልም አልክ። ከመጋዘን የተጣለውን የድሮውን መንግሥት ወረቀት እየቀደድክ፣ ለገንፎ ባስቀመጥኩት ዱቄት ሙጫ እያበሰልክ፣ ቆርቆሮውን ሁሉ አለበስከው። ያምር ነበር፣ አልዋሽም። ትኩሳቱ ሲጀምርህ ጤና ጣቢያ ሂድ ብዬ ለመንኩህ። ይቺን ብቻ ልጨርስ አልክ። የዚህ አገር ወባ እንደማይቀልድ ጠፍቶህ ነው? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ አንተም ጥርስህ እየተንገጫገጨ ታስቀኝ ነበር። ጤና ጣቢያ የደረስከው በሰው ሸክም ነው።

ቢሮው ሲመረቅ አንተ ከአፈር በታች ነበርክ። አለቆችህ አበባውን አደነቁ፤ ስምህን ያነሳ የለም። ወረቀቱን ከውሃ እንዲጠብቅ ሊቀባ ይመጣል የተባለው ቫርኒሽም አልመጣም። ባዶ ወረቀት የአሶሳን ዝናብ የት ይችላል? ሁሉም ተላጠና ከጓሮ ተጣለ። ልለቅማቸው ብሄድ ዘበኛው የመንግሥት ንብረት ነው ብሎ መለሰኝ። ቆሻሻው እንኳ ባለቤት አለው፤ አንተ ስትታመም ግን የማንም አልነበርክም።

አንድ ብቻ ተረፈ። ለጎረቤታችን ለአሚና የሰጠኸው፣ ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ በመጣው የሳሙና መጠቅለያ ያስጌጥከው። የመጠቅለያው ዓረብኛ ጽሑፍ ተቆራርጦ ስለተለጠፈ ማንም አያነበውም፤ አሚና ግን የአላህ ቃል ቢሆንስ ብላ መሬት ላይ አላስቀምጥም አለች። አፈሩን አራግፋ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጋ፣ ከመደርደሪያዋ አናት ላይ አኖረችው። የሸሚዝህን አንገት የፈተግሁበት ሳሙና መጠቅለያ መሆኑን እኔ አውቃለሁ። አልነገርኳትም። የእጅህን ሥራ እንዲህ ከፍ አድርጎ ያስቀመጠ ሌላ ሰው የለም።

ሰሞኑን አሚና ማስታወሻ ይሁንሽ፣ ውሰጂው አለችኝ። እምቢ አልኩ። እኔ ዘንድ ቢመጣ አበባ ተክዬ ዝናብ አስበላው ነበር። ሲከፋኝ እሷ ቤት ገብቼ ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ አይቼውም እናደድብሃለሁ። ንዴቴ የበረደ ቀን የምረሳህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ አይብረድ።

ባለቤትህ አስቴር