የረምዚ ወንበር

ጥቅምት 6

ሙቀት። ልብስ አጠብኩ፣ ዓሣ ጠበስኩ። ከሰዓት ማዳም ሁዳ እየነዳች ካርቲየ ሰባት የሚባለው ሰፈር አማቷ ጋ ሄድን። እኔ እንደ ሁልጊዜው ጋቢና፣ ሦስት ዓመት የሞላው ልጇ ረምዚ ጭኔ ላይ። አክስቱ ከፈረንሳይ የላከችለት የመኪና ወንበር ዕቃ ቤት ከነፕላስቲኩ ቁጭ ብሏል። "ጽጌሬዳ እያለችለት ወንበር ምን ያደርግለታል?" ትላለች ማዳም። እንግዲህ ወንበር ነኝ…

ጥቅምት 9

እጄ አብጧል፣ እስክሪብቶ መያዝ ያመኛል። አምቡሊ ሰፈር ጋ ፍየል መንገድ ገባች። ማዳም ስልክ እያወራች ነበር። ድንገት ፍሬን ስትይዝ ረምዚ ከእጄ አመለጠ። ፊቱ ከዳሽቦርዱ ተላተመ… ከንፈሩ ተሰፋ። ባለ በሌለ ኃይሌ ይዤው ነበር። ሰው በክንዱ መኪና ያቆማል?

ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ማታ ለአማቷ ለእማማ ፈትያ ስትደውል ሰማኋት። ሶማልኛ የማይገባኝ መስሏት። "ልጁን ይዛ እንቅልፏን ትለጥጥ ነበር።" እኔን ነው።

ጥቅምት 10

አልተኛሁም ነበር።

ጥቅምት 14

ምን ላድርጋት? ወጡን ጨው በጨው ላድርግባት? ልጁም ይበላል። ጥዬ ልውጣ? ሌላ ወንበር ትቀጥራለች። ቆይ ብቻ… የሚያሳርራት ነገር እዚያው ዕቃ ቤቷ ውስጥ አለ።

ጥቅምት 17

ማዳም ሥራ ስትሄድ ወንበሩን አውጥቼ ሳሎን መሃል አስቀመጥኩት። "አውሮፕላን ነው፣ አብራሪው አንተ ነህ" አልኩት። ቀበቶው ቀጭ ካላለ ማንጎ የለም፣ ካርቱን የለም። ሳትመጣ መለስኩት።

ጥቅምት 25

አሁን ያለ ቀበቶ ማንጎ ቢሰጡትም አይበላም።

ሌላም አለማመድኩት። "ከንፈርህን ምን ነካው?" "ሁዮ አሎ፣ አሎ… ቧ።" ሁዮ እናቱ ናት፣ አሎ ስልኳ። ውሸት አላስተማርኩትም።

ኅዳር 1

ዛሬ አንጀቴ ራሰ።

እማማ ፈትያ መጥተው ነበር፣ ማዳም ማዕከላዊ ገበያ ልታደርሳቸው። ረምዚ መኪና አልገባም ብሎ መሬት ተቀመጠ። "አውሮፕላኔ! ቀበቶዬ!"

"የምን ቀበቶ ነው?" አሉ አሮጊቷ።

"ዕቃ ቤት ያለውን ወንበር ይሆናል፣ እማማ" አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።

"ወንበር አለው እንዴ?" ጎንበስ ብለው ከንፈሩን ዳበሱት። ረምዚም ማንም ሳይጠይቀው ለቀቀው። "ሁዮ አሎ፣ አሎ… ቧ።"

እማማ ፈትያ ማዳም እጅ ላይ ያለውን ስልክ አዩ። "ሁዳ፣ ልጅቷ ተኝታ ነበር አላልሽኝም?"

ማዳም ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ላብ በላብ ሆነች። እኔ ወንበሩን አምጥቼ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩላት። ቀስ ብዬ፣ እያየችኝ።

ኅዳር 8

ዓይኔን አታይም። ጠዋት "ከእንግዲህ መኪና ውስጥ አታስፈልጊም፣ ቤት ቅሪ" አለችኝ። መቅጣቷ ነው? እሰይ። ክንዴ ይረፍ።

ረምዚን ወንበሩ ላይ አሰርኩትና በር ላይ ቆምኩ። ያለ እኔ መኪና ገብቶ አያውቅም። ያለቅሳል… ትመልሰዋለች… ትለምነኛለች… ይህን ሁሉ አስቤ ነበር።

ማንጎውን እየመጠጠ እጁን አውለበለበልኝ። ሄዱ።

አላለቀሰም። አሳምሬ ነው ያስተማርኩት።